ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሊቲየም ባትሪዎችን እርስ በርስ ስለማገናኘት

ጁላይ 12 ቀን 2013 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ሂዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን በጀርባው ላይ፣ ከጅራቱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ እሳት ተነሣበት። አውሮፕላኑ ለሰዓታት ያለ ሰው የቆመ ስለ ነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ውስጥ አንድ የጃፓን 787 ቦስተን ላይ ባትሪው ነድዶ፣ ሌላውም እዚያው ጃፓን በባትሪው ምክንያት ተገዶ ካረፈ በኋላ የዓለም 787ዎች ሁሉ ለወራት ከበረራ ታግደው እንደ ነበር ይታወሳል። ኤፕሪል 27 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር በመጀመሪያ ወደ ሥራ የመለሳቸውም የእኛው አየር መንገድ ነበር። ስለዚህ የሂዝሮው እሳት ሲሰማ ብዙዎቻችን «ያው ያ ትልቁ ባትሪ ነው» አልን።

ምርመራው ያሳየው ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2015 ባወጡት የመጨረሻ ዘገባ እንደ ተገለጸው፣ እሳቱ የተነሣው አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ ለማሳወቅ ምልክት ከሚልክ አነስተኛ መሣሪያ ውስጥ ካለ የሊቲየም-ማንጋኒዝ ባትሪ ነበር። የባትሪው ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠላልፈው በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር፤ ይህም ምናልባት ሾርት ፈጥሮ ባትሪው ያለ ቁጥጥር እንዲራገፍ አደረገ። አንዱ ሴል ጋለ፣ ከዚያ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱም ሌላውን አቀጣጠለ። ባትሪው እንደገና የሚሞላ ዓይነት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሚሞላውም እኩል ይሠራል። አደጋ የሚመጣው ከአንድ ተራ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሴል ሲታመምም የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም።

ይህን ያነሣሁት እንዲሁ ለወሬ አይደለም። ዛሬ በየቤታችን ድሮን፣ በሬዲዮ የሚነዳ መኪናና አውሮፕላን፣ የአማተር ሬዲዮ መሣሪያ፣ ቴሌስኮፕ፣ የመናፈሻ ድምፅ ማጉያ አለ። ሁሉም በሊቲየም ባትሪ ይሠራሉ። አንድ ባትሪ አልበቃ ሲል ደግሞ ሁለተኛ ጨምሮ ማገናኘት ይመጣል። ብዙዎቻችን የምንኖረው ከላይም ከታችም ጎረቤት ባለበት አፓርትመንት ነው፤ ስሕተታችን ከራሳችን ቤት አልፎ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ ባትሪዎችን ሲያገናኙ ምን እንደሚሆን፣ ምን መደረግ እንዳለበትና ምን ፈጽሞ መደረግ እንደሌለበት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ከባትሪ ድንጋይ ወደ ሊቲየም

አብዛኞቻችን ባትሪ ማገናኘትን የተማርነው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሬዲዮና ከእጅ ባትሪ ነው። ሁለት ድንጋይ የሚበላው የእጅ ባትሪ 3 ቮልት፣ አራት ድንጋይ የሚበላው ሬዲዮ 6 ቮልት ነበር። አንዱ ሲደክም ከአዲስ ጋር እናቀላቅላለን፤ ያለቀውን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ባስ ሲልም በጥርስ ነክሰን ለአንድ ዜና የምትሆን ጉልበት እናወጣበታለን። በዚህ ሁሉ የሚደርሰው ከባድ ጉዳት ድንጋዩ አፍስሶ ሬዲዮውን ማዛጉ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ይቅር ባይ ነበር ማለት ነው።

ሊቲየም ይቅር ባይ አይደለም። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይይዛል። 18650 የሚባለው፣ ውፍረቱ 18 ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነው የታወቀ ክብ ሴል ወደ 11 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሁለተኛ፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለ ሆነ ሾርት ቢደረግ በቅጽበት ከ100 አምፔር በላይ ሊተፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ የሚነድ ነገር ነው። ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 ማይክሮሜትር ሲሆን ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። ሙቀቱ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይህ መለያ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ሴሉ ራሱን በራሱ ያግላል፤ ሙቀቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ከውጭ ሽቦ መንቀልም አያቆመውም።

ይህን ስል ቴክኖሎጂውን ለመኮነን አይደለም። ሶኒ በ1991 ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ የሊቲየም-አዮን ባትሪ ዓለምን ለውጧል፤ መሠረቱን የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ጠባዩን አውቆ ለያዘው ታማኝ አገልጋይ ነው።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ይወቁ

በትርፍ ጊዜ ሥራ ላይ የምናገኛቸው ሦስት ዓይነቶች ናቸው።

1. ክቡ ሊቲየም-አዮን (18650፣ 21700)። መደበኛ ቮልቴጁ 3.6 ወይም 3.7፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ነው። ዝቅተኛው ገደብ እንደ አምራቹ ከ2.5 እስከ 3.0 ቮልት ነው።

2. ሊቲየም-ፖሊመር ወይም ሊፖ። በድሮንና በሞዴል አውሮፕላን ላይ ያለው፣ እንደ ትራስ ለስላሳ ከረጢት ውስጥ የታሸገው ነው። ቮልቴጁ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ከ3.0 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። የብረት ልብስ ስለሌለው ሲወጋና ሲቀጠቀጥ ቶሎ ይጎዳል።

3. ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት። መደበኛ ቮልቴጁ 3.2፣ ሙሉው 3.65፣ ዝቅተኛው 2.5 ነው። ለክብደቱ የሚይዘው ጉልበት ያነሰ ነው፤ ሙቀትን ግን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ክብደት ለማያሳስበው ሥራ፣ ለምሳሌ ለሬዲዮና ለድምፅ ማጉያ፣ ምርጫዬ ይህ ነው።

እነዚህን ሦስቱን አንዱን ከሌላው ጋር በምንም መንገድ ማገናኘት አይገባም። ገደቦቹንም ማለፍ አይገባም። ሴል ከላይኛው ገደብ በላይ ሲሞላ በውስጡ ብረት የሆነ ሊቲየም ይጋገርና የውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ከታችኛው ገደብ በታች ሲራገፍ ደግሞ በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ በኋላ ሲሞላ መዳቡ በማይገባው ቦታ ይረጋል። ስለዚህ «የሞተ» ሊቲየም ባትሪን ማስነሣት እንደ ድሮው ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ቀላል ጨዋታ አይደለም። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል መጣል አለበት።

በተከታታይ ማገናኘት

የአንዱን ፖዘቲቭ ከሚቀጥለው ኔጌቲቭ ጋር ስናያይዝ ቮልቴጁ ይደመራል፤ አቅሙ፣ ማለትም አምፔር-ሰዓቱ፣ የአንዱን ያህል ሆኖ ይቀራል። አራት ባለ 3.7 ቮልት፣ 3 አምፔር-ሰዓት ሴሎች በተከታታይ 14.8 ቮልት፣ 3 አምፔር-ሰዓት ይሆናሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በተከታታይ የተያያዘ ባትሪ ግን የሚበጠሰው በቀጭኑ ድር ነው። በሁሉም ሴሎች ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ስለ ሆነ አቅሙ የቀነሰው ሴል ከሁሉ ቀድሞ ይሞላል፣ ከሁሉ ቀድሞም ያልቃል። በቁጥር እንመልከተው። ቻርጀሩ አራቱን ሴሎች እስከ 16.8 ቮልት እንዲሞላ ተደርጓል፤ ማለትም ለእያንዳንዱ 4.2። ሦስቱ 4.1 ላይ ቢሆኑ ድምራቸው 12.3 ነው፤ የቀረው 4.5 ቮልት በደካማው ሴል ላይ ይወድቃል። ድምሩን ብቻ የሚያየው ቻርጀር ሁሉ ሰላም ነው ይላል፤ አንዱ ሴል ግን ከገደቡ እጅግ አልፏል። ሲራገፍም እንዲሁ ነው። መሣሪያው 12 ቮልት ላይ ቢያቆም፣ ሦስቱ 3.3 ላይ ሆነው 9.9 ሲያዋጡ አራተኛው 2.1 ላይ ወድቋል ማለት ነው።

መደምደሚያው ግልጽ ነው፤ በተከታታይ የተያያዘ የሊቲየም ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ሳይለካ መሞላት የለበትም።

ሁለት ያለቁ የፋብሪካ ጥቅሎችን በተከታታይ ለማያያዝ ሲያስቡም ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ በውስጣቸው መከላከያ ሰሌዳ ካለ አንደኛው ሰሌዳ መንገዱን በዘጋ ጊዜ የጠቅላላው ቮልቴጅ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ ለዚያ ያልተሠራ ሰሌዳ ይቃጠላል። ስለዚህ አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ በተከታታይ አያያይዟቸው። ሁለተኛው፣ በተከታታይ እንደ ተያያዙ በአንድ ባለ ሁለት አፍ ቻርጀር ላይ መሰካት ነው። የሁለቱ አፎች ኔጌቲቭ በቻርጀሩ ውስጥ አንድ ከሆነ አንደኛው ጥቅል ወዲያው ሾርት ይሆናል። ነቅሎ፣ ለይቶ መሙላት ነው የሚሻለው።

ጎን ለጎን ማገናኘት

ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭን ከኔጌቲቭ ስናያይዝ ቮልቴጁ አይለወጥም፤ አቅሙ ይደመራል። ይህ ለብዙ ሰው ቀላልና አደጋ የሌለው ይመስለዋል። የመጀመሪያዋ ቅጽበት ግን ከሁሉ የከፋች ናት።

አንዱ ሴል 4.2፣ ሌላው 3.6 ቮልት ቢሆን ልዩነቱ 0.6 ቮልት ነው። የእያንዳንዳቸው የውስጥ ሬዚስታንስ 0.03 ኦም ቢሆን በመካከላቸው የሚሮጠው ከረንት 0.6 ሲካፈል ለ0.06፣ ማለትም 10 አምፔር ነው። ባዶው ሴል በ1 ወይም በ2 አምፔር መሞላት ሲገባው 10 አምፔር ተገደደ። በሊፖ ደግሞ ይብሳል። ሦስት ሴል ያላቸው ሁለት ጥቅሎች፣ አንዱ 12.6 አንዱ 11.1 ቮልት፣ የእያንዳንዱ ሬዚስታንስ 0.015 ኦም ቢሆን ከረንቱ 50 አምፔር ይደርሳል። ጥቅሉ 2,200 ሚሊአምፔር-ሰዓት ከሆነ የሚመከረው መሙያ 2.2 አምፔር ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። አንድ ማታ ከሥራ ደክሜ ገብቼ፣ ሁለት ጥቅሎች «ሁለቱም የሞሉ ናቸው» ብዬ ሳልለካ አገናኘኋቸው። አንዱ ያለፈው ሳምንት የተበረረበት ነበር። የስፒናው ፕላስቲክ በጣቴ መካከል ቀለጠ፤ ልጆቹ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል። ነቀልኩት፤ ከጣት ጠባሳ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰም። መሐንዲስነቴ አላዳነኝም፤ የ15 ዶላር መልቲሜትር ግን ያድነኝ ነበር።

ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፦

- ጎን ለጎን ከማያያዝዎ በፊት እያንዳንዱን ይለኩ። በሴል ልዩነቱ ከ0.05 ቮልት አይብለጥ። ከላይ ባለው ምሳሌ 0.05 ቮልት የሚያመጣው ከረንት ከ1 አምፔር በታች ነው።
- ልዩነቱ ከዚያ ከበለጠ እያንዳንዱን ለየብቻ ሙሉ በሙሉ ሞልተው፣ አንድ ሰዓት አሳርፈው፣ እንደገና ለክተው ያገናኙ።
- የሊቲየም-አይረን-ፎስፌት ቮልቴጅ ከግማሽ በላይም በታችም ብዙም ስለማይለዋወጥ መለኪያው ሊያታልልዎ ይችላል። ለእነርሱ ሁልጊዜ ሁለቱንም ሙሉ ሞልቶ ማገናኘት ነው።
- ብዙ ሊፖ በአንድ ጊዜ የሚሞላ ሰሌዳ ከተጠቀሙ በመጀመሪያ ወፍራሞቹን ዋና ሽቦዎች፣ ከዚያ ቀጫጭኖቹን የሴል መለኪያ ሽቦዎች ይሰኩ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ያ ሁሉ ከረንት በቀጭኑ ሽቦ ያልፍና ያቀልጠዋል። የሴል ቁጥራቸው የተለያየ ጥቅሎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ፈጽሞ አይሰኩ።

ሁለቱን አጣምሮ ለሚሠራ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ጎን ለጎን በመጀመሪያ፣ በተከታታይ በኋላ ነው። ስምንት ሴል ካለ ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ተጣምረው እንደ አንድ ትልቅ ሴል ይሆናሉ፤ ከዚያ አራቱ ጥንዶች በተከታታይ ይያያዛሉ። እንዲህ ሲሆን አንድ መከላከያ ሰሌዳ እያንዳንዱን ጥንድ በአንድ ሽቦ ይጠብቃል።

ወንድማማች ሴሎችን መምረጥ

ለአንድ ጥቅል የሚሆኑ ሴሎች አንድ አምራች፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ዕድሜ፣ የሚቻል ከሆነም አንድ ግዢ መሆን አለባቸው። አዲስና አሮጌ አይቀላቀሉም። አቅማቸውና የውስጥ ሬዚስታንሳቸው ተለክቶ መቀራረብ አለበት፤ ይህን የሚለኩ ቻርጀሮች በርካሽ ይገኛሉ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ ሴሎች ነፃ ስለ ሆኑ ያጓጓሉ። ታሪካቸውን ግን ማንም አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ባዶ እንደ ተተዉ፣ ስንት ጊዜ እንደ ጋሉ በላያቸው አልተጻፈም። የኒውዮርክ ከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት በ2023 ብቻ በሊቲየም-አዮን ባትሪ እሳት 18 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል፤ አብዛኛው ከኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ጋር የተያያዘ ነበር። ከተማዋም በዚያው ዓመት ከአሮጌ ባትሪ በተፈቱ ሴሎች ባትሪ መገጣጠምን በሕግ ከልክላለች።

የሐሰት ሴልም ሞልቷል። ጥሩ የሚባለው 18650 የሚይዘው 3,500 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ነው። በላዩ 9,900 ተጽፎበት በሁለት ዶላር የሚሸጥ ካዩ ጽሑፉ ሐሰት ነው። በጽሑፍ የዋሸ አምራች በውስጥ መለያው ላይ እውነተኛ ይሆናል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

መከላከያ ሰሌዳውና ቻርጀሩ

በተለምዶ ቢ.ኤም.ኤስ. የሚባለው ሰሌዳ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ይጠብቃል፤ አንዱ ከላይ ወይም ከታች ገደቡን ሲያልፍ፣ ወይም ከረንቱ ሲበዛ፣ መንገዱን ይዘጋል። ሦስት ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰሌዳው ለሴሉ ዓይነትና ቁጥር የተሠራ መሆን አለበት፤ ለ4.2 ቮልት ሴል የተሠራ ለሊቲየም-አይረን-ፎስፌት አይሆንም። ሰሌዳው የመጨረሻ ዘበኛ ነው እንጂ ቻርጀር አይደለም። ሴሎችን የማስተካከል ችሎታውም ውሱን ነው። በ50 ሚሊአምፔር የሚያስተካክል ሰሌዳ 1 አምፔር-ሰዓት ልዩነትን ለማረም 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ያልተመረጡ ሴሎችን ሰብስቦ «ሰሌዳው ያስተካክለዋል» ማለት አይሠራም።

ቻርጀር ደግሞ በትክክል የጥቅሉ መሆን አለበት። ለሦስት ሊቲየም-አዮን 12.6፣ ለአራት 16.8፣ ለአራት ሊቲየም-አይረን-ፎስፌት 14.6 ቮልት ነው። ስፒናቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ብቻ ባለ 14.6ውን በሦስት ሊቲየም-አዮን ላይ ቢሰኩ ለእያንዳንዱ ሴል 4.87 ቮልት ይደርሰዋል፤ ይህ እሳት መለኮስ ነው። ስለዚህ በቻርጀሩም በጥቅሉም ላይ ቮልቱን በጉልህ ጽፈው ይለጥፉ፤ ለሁለት የተለያዩ ጥቅሎችም አንድ ዓይነት ስፒና አይጠቀሙ። የመኪና አሲድ ባትሪ ቻርጀርም አይሆንም፤ አንዳንዱ ባትሪ ለማደስ ብሎ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይልካል።

የምንኖርበት አገር አየርም ጉዳይ አለው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞሉ ሊቲየሙ በብረትነት ይጋገራል፤ በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ ክረምት መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ለሰዓታት ሳይሞቅ አይሞላም። በዱባይና በሪያድ በጋ ደግሞ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ክልክል ነው፤ ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ባትሪም አይሞላም።

ሽቦ፣ ፊውዝና ማያያዣ

ፊውዝ የሌለው የሊቲየም ጥቅል አይሥሩ። ፊውዙ የሚቀመጠው ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ፣ በተቻለ መጠን ቅርብ ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና። መጠኑ መሣሪያው ከሚስበው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚችለው ግን ያነሰ ይሁን። መሣሪያው 8 አምፔር ከሳበ 10 አምፔር ፊውዝና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ሽቦ ተገቢ ነው። የመኪና ፊውዝ በአብዛኛው እስከ 32 ቮልት ቀጥታ ከረንት ይሠራል፤ ለቤት ኤሌክትሪክ የተሠራ ፊውዝ ግን በቀጥታ ከረንት ላይ እሳቱን ላይቆርጥ ይችላል።

ክብ ሴሎችን በሶልደር በቀጥታ ማያያዝ አይመከርም። የሶልደሩ ጫፍ 350 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የውስጡ መለያ የሚቀልጠው ደግሞ በ130። ፋብሪካዎች የኒኬል ቅጠል በነጥብ ብየዳ የሚያያይዙት ለዚህ ነው። የነጥብ ብየዳ መሣሪያ ከሌለዎት የኒኬል ቅጠሉ አስቀድሞ የተበየደበትን ሴል ይግዙ፣ ወይም በብሎን የሚታሰረውን ይምረጡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የ18650 ብረት ልብሱ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፤ ከላይ ያለችው ትንሽ ቆብ ብቻ ፖዘቲቭ ናት፤ ሁለቱንም የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በተላጠበት ሴል አይጠቀሙ። በፖዘቲቩ አፍ ዙሪያ ለዚሁ የተሠራውን የወረቀት ቀለበት ያድርጉበት። ሲሠሩም ቀለበትና ሰዓትዎን ያውልቁ፤ የመፍቻውን እጀታ በፕላስተር ይጠቅልሉ፤ ያልተያያዘ ሽቦ ሁሉ ጫፉ ወዲያው ይሸፈን። ሽቦዎቹ በክዳን ሥር እንዳይቆነጠጡ፣ ስለታም ጠርዝ ላይ እንዳይፈገፈጉ ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ይመልከቱ። ሂዝሮውን ያስታውሱ።

አንድ ምሳሌ

ለአማተር ሬዲዮ ወይም ለትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚሆን፣ አራት ባለ 6 አምፔር-ሰዓት የሊቲየም-አይረን-ፎስፌት ሴሎች በተከታታይ እንሥራ። ቮልቴጁ 12.8፣ ጉልበቱ 76.8 ዋት-ሰዓት ይሆናል። መሣሪያው በአማካይ 2 አምፔር፣ ሲበዛ 5 አምፔር ይስባል እንበል።

1. እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ እስከ 3.65 ቮልት ይሙሉ። አንድ ቀን አሳርፈው ይለኩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የወረደ ካለ ይመልሱት።
2. ሴሎቹን በመካከላቸው መለያ አድርገው በማይነቃነቅ ሣጥን ያስቀምጡ፤ በብሎን በተከታታይ ይሰሯቸው።
3. የሰሌዳውን ዋና ኔጌቲቭ ሽቦ ከመጀመሪያው ሴል ኔጌቲቭ ጋር ያያይዙ። ቀጫጭኖቹን መለኪያ ሽቦዎች በቅደም ተከተል ያያይዙ፤ ስፒናቸውን ግን ሰሌዳው ላይ ገና አይሰኩ።
4. በስፒናው ላይ ከኔጌቲቭ ጀምረው ይለኩ። ቁጥሩ ወደ 3.3፣ 6.6፣ 9.9፣ 13.2 በእኩል ደረጃ መውጣት አለበት። አንድ እርከን ከተዛባ ሽቦ ተቀያይሯል፤ ሳይታረም አይሰኩ።
5. ፖዘቲቩ ላይ 7.5 አምፔር ፊውዝ ያድርጉ፤ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል።
6. በ14.6 ቮልት፣ ከ2 እስከ 3 አምፔር ቻርጀር ይሙሉ። የመጀመሪያውን ሙሌት አጠገቡ ሆነው ይከታተሉ፤ ሴሎቹን በእጅዎ ይዳስሱ።

አቅሙን እስከ 80 በመቶ ብቻ ብንጠቀም 4.8 አምፔር-ሰዓት እናገኛለን፤ በ2 አምፔር ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ያሠራል።

ማስቀመጥ፣ ማበጥ፣ እሳት

ለሳምንታት የማይሠሩበትን ሊፖና ሊቲየም-አዮን በሴል 3.8 ቮልት ገደማ አድርገው፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡ። ሲሞሉ ቤት ውስጥ ነቅተው ይኑሩ፤ በእንጨት ወለል፣ በሶፋ ወይም በመውጫ በር አጠገብ አይሙሉ። ከተሞሉበት ክፍል የጭስ ማስጠንቀቂያ አይጥፋ።

ያበጠ ባትሪ በውስጡ ጋዝ ፈጥሯል። አይወጋም፣ አይጫንም፣ አይሞላም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በማይነድ ዕቃ አስቀምጠው ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይውሰዱት። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ በቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ ይነዳል።

እሳት ከተነሣ፣ ጭሱ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ የያዘ መርዝ ነውና በመጀመሪያ ሰውን ያውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ይደውሉ። በአሜሪካና በካናዳ 911፣ በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 102፣ በኤምሬትስ 997፣ በሳዑዲ እንደ ክልሉ 911 ወይም 998 ነው። «ሊቲየም በውሃ አይጠፋም» የሚባለው ለእነዚህ ባትሪዎች ልክ አይደለም፤ የትንሽ ባትሪ እሳትን ብዙ ውሃ ያቀዘቅዘዋል፣ ወደሚቀጥለው ሴል እንዳይዛመትም ይረዳል። ከጠፋ በኋላም ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነሣ ስለሚችል ወደ ቤት አይመልሱት።

ሻንጣና ባትሪ

አገር ቤት ስንሄድ ለወንድም ልጅ ድሮን፣ ለዘመድ ትርፍ ባትሪ መያዝ የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ ጫፎቹ ተሸፍነው እንዲጓዝ ያዛል። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከሁለት ሳይበልጥ ነው፤ ከዚያ በላይ መንገደኛ አይይዝም። ዋት-ሰዓቱ ቮልት ሲባዛ በአምፔር-ሰዓት ነው። ከላይ የሠራነው ጥቅል 76.8 ቢሆንም አይያዝም፤ ደንቡ ባትሪው የተባበሩት መንግሥታት ያወጡትን የማጓጓዣ ፈተና ያለፈ ዓይነት እንዲሆን ስለሚጠይቅ በቤት የተገጣጠመ ጥቅል አያሟላም። በእጅዎ የሠሩትን ቤትዎ ይተዉት፤ የፋብሪካውን ይያዙ።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲያውስ ይቅርብኝ» የሚል ካለ አልወቅሰውም፤ የተፈተነ የፋብሪካ ጥቅል መግዛት ሁልጊዜ ክቡር አማራጭ ነው። ለሚሠራ ሰው ግን ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሳይለኩ አለማገናኘት፣ ያለ ፊውዝ አለመሥራት፣ እየደከሙ አለመሥራት። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ቅጠሉ እጃችን ላይ ሳለ ነው። ቸር እንሰንብት።